ከፍለህ የገዛኸው ዕቃ ጌታው ማን ነው?

በኪስህ የያዝከውን ስልክ አውጥተህ አንድ ጊዜ ተመልከተው። በስንት ብር ገዛኸው? የስንት ወር ደመወዝህ፣ የስንት በግ ዋጋ፣ ወይስ ዐረብ አገር ያለችው እህትህ የስንት ወር ላብ ወጣበት? ዋጋውን ከፍለሃል፤ ደረሰኙን ይዘሃል፤ ወዳጆችህም "አላህ በረካ ያድርግልህ" ብለው መርቀውሃል። እንግዲያውስ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ይህ ዕቃ የማን ነው?

"የእኔ ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው!" ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እል ነበር። ብዕሬን እንዳነሣ ያደረገኝም ይህ እምነቴ በዓይኔ ፊት ሲፈርስ ማየቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴ በምንኖርበት ሰፈር ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ካገኘችው ደመወዝ ገዝታ የላከችላቸው ስልክ አላቸው። ዘወትር ጁሙዓ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ በዚያ ስልክ እየተያዩ ይጨዋወታሉ። እናት የልጃቸውን መክሳትና መወፈር የሚያዩበት ሌላ መንገድ የላቸውም። አንድ ጁሙዓ ታዲያ የሚነጋገሩበት አፕ አልከፍት አለ። ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ማስታወቂያ ብቻ ይታያል። እኚህ እናት ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኔ መጡና፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው "ኡስታዝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን? በሊጥ እጄ ነክቼው ይሆን እንዴ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ማስታወቂያውን አነበብኩት። "ይህ አፕ ከእንግዲህ በዚህ ስልክ ላይ አይሠራም፤ አዲስ ስልክ ይጠቀሙ" ይላል። ስልኩን አገላብጬ አየሁት። መስተዋቱ አልተሰነጠቀም። ባትሪው ሙሉ ቀን ይውላል። ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው "ከዛሬ ጀምሮ አትሥራ" ብሎ አዘዘው እንጂ።

በዚያው ሰሞን ድሮ በመድረሳ ያስተማርኩት፣ ዛሬ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደር አንድ ወጣት ለዒድ መጥቶ ስለነበር ስልኩን አሳየሁት። ገና እንዳየው ሳቀና "ኡስታዝ፣ ይሄማ አርጅቷል፤ አዲስ ይግዙላቸው" አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው ሻይ እየጠጣን አስተያየቱን አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። አሮጌ ዕቃ ይቀየራል እንጂ አይታቀፍም፤ ዛሬ ሁሉም ነገር ያለው ደመና ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው የለም፤ ተጠቃሚው ሲጀምር በውሉ ተስማምቷል፤ አፕዴት ደግሞ የሚመጣው ለራሱ ለተጠቃሚው ደኅንነት ነው።

ልጁ ጨዋ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ይህን የማነሣው እሱን ለማማት ሳይሆን አስተያየቱ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ስልክና ኮምፒውተር የሚሠሩ፣ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሁሉ በየዕለቱ የሚናገሩት፣ እኛም "እነሱ ያውቃሉ" ብለን አሜን የምንልለት ነገር ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና እስቲ አንድ በአንድ እንመርምረው።

"አሮጌ ነው፤ ይቀየር"

ለመሆኑ ዕቃ የሚያረጀው መቼ ነው? ጫማ የሚያረጀው ሶሉ ሲያልቅ፣ ድስትም የሚያረጀው ቂጡ ሲቀደድ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ የእርጅና ዓይነት ግን አለ። ይኸውም ሻጩ ያዘዘው እርጅና ነው። ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የኤሌክትሪክ አምፖል የሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች፣ ከእነሱም መካከል የጀርመኑ ኦስራምና የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ፌቡስ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ከስምምነታቸው አንዱ የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚል ነበር። ከዚያ በፊት 1,500 እና 2,000 ሰዓት የሚያበራ አምፖል ይሠራ ነበር። አምፖሉ ከተወሰነለት በላይ የቆየበት አባል ኩባንያ መቀጮ ይከፍል ነበር። ልብ በል! ቅጣቱ መጥፎ ዕቃ በመሥራት ሳይሆን ጥሩ ዕቃ በመሥራት ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባትሪያቸው የደከመ አሮጌ አይፎኖች በአፕዴት አማካይነት ቀስ ብለው እንዲሠሩ ማድረጉን አመነ። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት ነበረው። የደከመ ባትሪ ከባድ ሥራ ሲመጣበት ስልኩ በድንገት ይጠፋልና ያን ለመከላከል ነው አለ። ምክንያቱ ሐሰት ነው አልልም። ጥፋቱ ያለው ዝም በማለቱ ላይ ነው። ስልኩ የዘገየበት ሰው ባትሪ ብቻ መቀየር እንደሚበቃው ቢነገረው ኖሮ አዲስ ስልክ ባልገዛ ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውንም ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው፤ በአሜሪካም ለከሰሱት ደንበኞች እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በመድረሳ የግብይትን ምዕራፍ የቀራ ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሻጭ ጉድለትን ሸሽጎ ከሸጠ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። የተሸጠ ዕቃም ከሻጩ እጅ ወጥቶ የገዢው ንብረት ይሆናል። በሬ ሸጦ ገመዱን በእጁ ያስቀረ፣ ባሰኘው ጊዜ እየሳበ "ዛሬ አይረስም" የሚል ሻጭ በየትኛው ገበያ ታይቷል? እንዲህ ያለ ሰው ወደ ገበያ ቢወጣ ልጆች እንኳ ይስቁበት ነበር። የስልክ ሲሆን ግን እኛ ዝም እንላለን፤ ፕሮግራመሩም ይስቅብናል።

እኛ ደግሞ ዕቃ መጠገንን የምናውቅ ሕዝብ ነን። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ ተመልከት። ከተጣለ ብረት ምድጃ፣ ከተጣለ ጎማ ጫማ ይወጣል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን የተሠሩት ላዳ ታክሲዎች ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው በአዲስ አበባ ስንት አሥርት ዓመታት አገለገሉ? ያገለገሉት እኮ መካኒኩ ሞተራቸውን ፈትቶ ማየት ስለቻለ ነው። ላዳውን ለማስነሣት ከፋብሪካው ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገም። በዘመናችን ግን ሀብታም በሚባለው በአሜሪካ ገበሬው ትራክተሩ ሲቆም ራሱ ሊጠግነው አልቻለም ነበር፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከኩባንያው ወኪል በቀር ለሌላ አይከፈትም ነበር። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 የገበሬውን የመጠገን መብት በሕግ እስክትደነግግ ድረስ ስንት ክርክር ተደርጓል። አንባቢ ሆይ፣ የራሱን ማረሻ ለመሳል ፈቃድ የሚጠይቅ ገበሬ የማረሻው ባለቤት ይባላልን?

"ሁሉም ነገር ደመና ላይ ነው"

ይህን ቃል ስሰማ ትዝ የሚለኝ የአባቶቻችን ተረት ነው፤ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።" ደመና የሚሉት ነገር እኮ ደመና አይደለም። ሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ፎቶህን፣ ደብዳቤህን፣ መጽሐፍህን እዚያ ስታስቀምጥ ለጎረቤት አማና እንደ መስጠት ነው። ጎረቤትህ ደግ ከሆነ መልካም፤ ቤቱን የሸጠ ወይም ሐሳቡን የለወጠ ቀን ግን ምን ይውጥሃል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የሆነውን ልንገርህ። አማዞን የተባለው ኩባንያ ኪንድል በሚባለው የንባብ መሣሪያው የጆርጅ ኦርዌልን "1984" እና "አኒማል ፋርም" የተባሉትን መጻሕፍት ለብዙ ሰዎች ሸጦ ነበር። በኋላ መጻሕፍቱን በእሱ በኩል ያቀረበው ወገን የማሳተም መብት እንደሌለው ታወቀ። አማዞን ምን አደረገ? ሰዎቹ ተኝተውም ይሁን ነቅተው፣ ከየመሣሪያቸው ውስጥ መጻሕፍቱን ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ገንዘባቸውን መልሶላቸዋል። ነገር ግን ለትምህርቱ ሲያነብ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ይዞ የነበረ አንድ ተማሪ የለፋበት ሥራ አብሮ ከንቱ ቀረ። የሚገርመው ደግሞ "1984" ስለምን የሚያወራ መጽሐፍ ነው? ያለፈውን ጽሑፍ እያጠፋ ሕዝቡን ስለሚገዛ መንግሥት! የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠይቋል። እስቲ ጠይቅ፤ መጽሐፍ የሸጠልህ ነጋዴ ሌሊት ቤትህ ገብቶ መጽሐፉን ወስዶ ብሩን ጠረጴዛህ ላይ ትቶ ቢሄድ ምን ትለዋለህ? እኛ በአማርኛ የምንሰጠው ስም አለን።

ሌላም ልጨምር። ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤትን መብራትና በር በስልክ ለማዘዝ የሚያገለግል 300 ዶላር ገደማ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። ሲሸጥ አገልግሎቱ የዕድሜ ልክ ነው ተብሎ ነበር። ኩባንያውን በጉግል ሥር የነበረው ኔስት ገዛውና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 መሣሪያው የሚታዘዝበትን ሰርቨር ዘጋው። በዚያች ቀን ምንም ያልተሰበረ፣ ምንም ያልተቃጠለ መሣሪያ በየሰዉ ግድግዳ ላይ ባዶ ሣጥን ሆነ። "የዕድሜ ልክ" የተባለው የማን ዕድሜ ኖሯል?

"ኢንተርኔት የሌለው ማን አለ?"

ይህን የሚል ሰው ከቢሮው አልወጣም ማለት ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እስከ 2022 ድረስ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ሁለተኛ ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የተሻሻለውን መካድ አይገባም። ሆኖም መቋረጡስ? በ2017 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተቋርጧል። በ2020 ከሰኔ ማብቂያ አንሥቶ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ አገሪቱ ያለ ኢንተርኔት ቆይታለች። በትግራይ ከ2020 ኅዳር ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም። በእኛ በአማራ ክልልም በነሐሴ 2023 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የተቋረጠበትን ምክንያት ለሌላ ጊዜ እንተወው፤ እዚህ የምነግርህ መቋረጡን ነው። ባይቋረጥም እንኳ መብራት ይጠፋል፤ ፓኬጅ ያልቃል፤ ገጠር ስትገባ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣለህ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት መዝገበ ቃላት፣ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት የሒሳብ መለማመጃ ይሠራልን? በምሠራበት ትምህርት ቤት በስጦታ የተገኙ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ልጆቹ መተየብ እንዲለማመዱ አንድ ፕሮግራም ከፍለን አስገባን። ፕሮግራሙ ፊደል ከማስመታት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ግን "ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልቻልኩም" ብሎ ቆለፈ። ልጆቹ ተራ ይዘው በመጡ ቁጥር የሚያዩት ያንኑ ጽሑፍ ሆነ። ከፍለን የገዛነው፣ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እኛን ሌባ ናችሁ ብሎ ጠርጥሮ በሩን ዘጋብን! ጣትን ቁልፍ ላይ ማሳረፍ ለመማር ከባሕር ማዶ ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል? እንዲህ ያለው ፕሮግራም ገመዱ በማይበጠስበትና መብራቱ በማይጠፋበት ቢሮ ተጽፎ፣ የተሞከረውም እዚያው ነው። ጸሐፊው ዓለምን ሁሉ የራሱ ጠረጴዛ አድርጎ አያት።

"ውሉን ተስማምተዋል"

ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ውል ማለት ምንድን ነው? በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ ቃሉ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበባል፤ ምስክሮች ይቀመጣሉ፤ ያልገባው ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ትቶ ይሄዳል። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ ጀርባውን ይዳስሳል። የስልኩስ ውል? በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሕግ እንግሊዝኛ፣ ገጽ በገጽ ላይ ተደርድሮ ከታች "ተስማምቻለሁ" የሚል አንድ ቁልፍ አለው። "አልስማማም" ብትል የከፈልክበት ዕቃ አይሠራልህም። በዚያ ላይ አዘጋጁ ውሉን ሊለውጠው እንደሚችል እዚያው ውስጥ ተጽፎ ታገኛለህ። አንዱ ወገን ብቻ የሚያነበው፣ አንዱ ወገን ብቻ የሚለውጠው ነገር ውል አይባልም፤ ትእዛዝ ነው። የጎረቤቴ እናት እንኳን እንግሊዝኛውን አማርኛውንም አያነቡም። በምን ተስማሙ?

"አፕዴት ለደኅንነትዎ ነው"

እዚህ ላይ ፍትሕ እንዳላጓድል የልጁን እውነት ልቀበልለት። አፕዴት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም 150 በሚሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ ገንዘብ አምጡ አለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚዘጋውን አፕዴት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር፤ የተጠቁት ያላስገቡት ናቸው። ስለዚህ "አፕዴት አታድርግ" የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቅ። በር መቆለፍ ብልህነት ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቁልፍ ሠሪው በሩን ሲጠግን ለምን አብሮ ባለቤቱን ያስወጣል? ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ነጻ ድጋፉን አቆመ። ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደኅንነት ቺፕ የሌላቸውን፣ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። ትምህርት ቤታችን ያሉት ሦስቱ ከእነዚያው ናቸው። "ለደኅንነትህ" ተብሎ ሲጀመር፣ መጨረሻው "አዲስ ግዛ" ከሆነ ደኅንነቱ የማን ነው?

ደግሞም አዋቂ ነን የሚሉት አይሳሳቱም? ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ሐምሌ 19 ቀን 2024 ስሕተት ያለበት አንድ አፕዴት ለቀቀ። በአንድ ቀን 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ተዘጉ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተቸገሩ። የኮምፒውተሮቹ ባለቤቶች ምንም አልነኩም ነበር። "ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው" የሚለው ተረት ለካ ለዚህም ይሆናል።

ሌላ መንገድ አለን?

ፕሮግራመሩ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ "ኡስታዝ፣ ቴክኖሎጂ እንዲህ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም" አለኝ። ይህ እውነት አይደለም። ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳዩት ከእሱው ሙያ የወጡ ሰዎች ናቸው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በተባለው ተቋም ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር፣ ወረቀት እየነከሰ ያስቸገራቸውን የዜሮክስ ማተሚያ ሊያሻሽል ፈለገ። የማተሚያውን ፕሮግራም ጽሑፍ ያለው ሰው ግን ለማንም ላለመስጠት ፈርሜአለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን እንደ ሌላው "እንዲህ ነው" ብሎ አልተቀመጠም። በ1983 ማንም የሚያነበው፣ የሚያሻሽለውና ለጎረቤቱ የሚያካፍለው የፕሮግራም ሥራ መጀመሩን ለዓለም አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን ጀመረ። ዛሬ አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ በሥራቸው ያለው ሊኑክስ ነው። ዊንዶውስ 11 የናቃቸው አሮጌ ኮምፒውተሮችም ብዙዎቹ በሊኑክስ ይሠራሉ። የትምህርት ቤታችንን አንዱን ኮምፒውተር አንድ የፒያሳ ጠጋኝ በፍላሽ አምጥቶ ጫነበት፤ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት ይተይቡበታል።

ከራሳችንም ቤት ማስረጃ አለ። ድሮ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲጻፍ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ፊደል ይሠራ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርግፍግፍ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተተየቡ የተማሪ መዝገቦች ዛሬም አሉን፤ ፊደሉን የሸጠን ሰው ስለሌለ የራሳችንን ልጆች ስም ማንበብ አቅቶናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የጋራ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ "ሀ" በማንኛውም ስልክ "ሀ" ነው፤ የማንም ሻጭ ንብረት አይደለም። የጋራ የሆነ ነገር ሻጩ ሲሞት አይሞትም።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች አንድ ዓይነት የቻርጀር ቀዳዳ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ሞዴሎች ሽያጫቸው ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት አፕዴት፣ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብላቸው ደንግጓል። "አይቻልም" ሲሉ የነበሩ ኩባንያዎች ሕግ ሲመጣ ቻሉ። አለመቻል ሳይሆን አለመፈለግ ነበር ማለት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንባቢ ሆይ፣ የአውሮፓ ሕግ እስኪደርስልህ አትጠብቅ። ከመግዛትህ በፊት እንደ በሬ ገዢ ጥርሱን እይ። ሻጩን ጠይቀው። ይህ ዕቃ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ባትሪው በዚህ ከተማ ይቀየራል? አፕዴቱ እስከ መቼ ይመጣል? ያስቀመጥኩትን ፎቶና ጽሑፍ በፍላሽ ላወጣው እችላለሁ? ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ዕቃዬ ምን ይሆናል? ሻጩ መልስ ከሌለው መልሱን አግኝተሃል። ውድ የሆነን ነገር ደመና ላይ ብቻ አትተው፤ አንድ ቅጂ በቤትህ ይኑር። የሚሠራውን ስልክ ጎረቤት አዲስ ስለያዘ ብለህ አትጣለው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ጠጋኞቻችንንም አክብር። የእነሱ ሙያ የጠፋ ቀን ሁላችንም ተከራዮች ሆነን እንቀራለን።

አንተ ደግሞ ፕሮግራም የምትጽፍ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለእናንተ የምለው አለኝ። የቀድሞ ተማሪዬ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኛም እኮ ታዘን ነው፣ ኡስታዝ" አለኝ። ገባኝ። እንጀራ ነው። ነገር ግን "ታዝዤ ነው" የሚለው ቃል ሚዛን ያጎደለ የሱቅ ተቀጣሪም የሚለው ነው። ቢያንስ የምትጽፉት አፕ አሮጌ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ ኔትወርክ አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ ማስታወቂያውን በሕዝቡ ቋንቋ ጻፉት፤ የሚዘጋም ከሆነ ከወራት በፊት ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ዕቃው የእናንተ ውሳኔ ሰለባ ሲሆን ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ አታላክኩ።

እኚያ እናት እስካሁን ስልኩን አልጣሉትም። ልጃቸው ጁሙዓ ከሰዓት በተራ የስልክ ጥሪ ትደውላለች፤ ዋጋው ውድ ነውና አምስት ደቂቃ ያህል ተነጋግረው ይዘጋሉ። ድምፅ እንጂ መልክ የለም። አዲስ ስልክ ልላክ ስትላቸው "በዚያ ብር ቶሎ ነዪልኝ" ይሏታል። እኔም ባገኙኝ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል፤ "ኡስታዝ፣ ያኔ ምን አጥፍቼ ነው?"

ምንም አላጠፉም፣ እናቴ። ዕቃው የእርስዎ ነው ብለን የሸጥንልዎት እኛ ነን ያጠፋነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!